አሌፍ ከዳዊት ይጀምራል፦ ዕብራይስጥንና የአይሁድን ታሪክ ማጥናት ለሚሹ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች መመሪያ

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ዳዊት የደገመ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ዕብራይስጥ ጀምሯል። መዝሙር 118 ላይ ሲደርስ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያሉ እስከ ታው የሚወርዱ ስሞች ያገኛል። 22 ናቸው። በእያንዳንዳቸው ሥር ስምንት ስምንት ቁጥር አለ፤ ድምሩ 176 ይሆናል። እነዚህ የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች ናቸው። መዝሙሩ በዕብራይስጥ ሲደረስ በአሌፍ ሥር ያሉት ስምንቱም ቁጥሮች በአሌፍ፣ በቤት ሥር ያሉትም በቤት ይጀምሩ ነበር። ወደ ግእዝ ሲመለስ ያ አጀማመር ቀረ፤ ስሞቹ ግን እንደ ድንበር ድንጋይ በየቦታቸው ተተክለው እስከ ዛሬ አሉ።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት «ዕብራይስጥን፣ የአይሁድን ታሪክና ባህል በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ግን ከገጠር ወረዳ ተነሥቼ ከየት ልጀምር?» ለሚሉ ወጣቶች ነው። መልሴ አንድ ነው፦ በእጃችሁ ካለው ከግእዝ ጀምሩ። ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ ይገነባል።

አንደኛ ርምጃ፦ ስንቃችሁን ቁጠሩ

ብዙ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የአብነት ትምህርቱን እንደ አሮጌ ደበሎ አውልቆ ይጥላል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ጋይንት የድጓ ምስክር የሚታይበት የቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሚታይበት የዙር አባ አገር ነው። እዚህ ፊደል የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ፣ ግሥ ያወረደ ልጅ የውጭ አገር ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ዓመታት ፈጅቶ የሚያገኘውን መሠረት ይዟል።

ደብተር አውጡና ጻፉ። ዳዊት ደግማችኋል? ቅኔ ቤት ገብታችኋል? ግሥ ስንት ቤት አውርዳችኋል? የብራና መጽሐፍ ማንበብ ትችላላችሁ? መምህራችሁ በሕይወት ካሉ የተማራችሁትንና የቆያችሁበትን ዘመን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲጽፉላችሁ አሁኑኑ ለምኑ። ነገ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቱ ይህ ወረቀት ከሌላው አመልካች የሚለያችሁ ማስረጃ ነው።

የአብነት ትምህርት ቤት ያልገባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከአጥቢያ መሪጌታ ዘንድ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢማር በአንድ ዓመት የግእዝን ግሥ መሠረት ይይዛል።

ሁለተኛ ርምጃ፦ ምን እንደምትፈልጉ ለዩ

«የአይሁድ ጥናት» ሰፊ እርሻ ነው፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ ማረስ አይቻልም። ሦስት በሮች አሉት።

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥና የዛሬው የእስራኤል ዕብራይስጥ አንድ ሥር ቢኖራቸውም የተለያየ ትምህርት ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ታሪክ ነው፦ ከጥንቱ መንግሥት እስከ ስደቱ፣ ከስደቱ እስከ ዛሬ። ሦስተኛው ባህልና ሕዝብ ነው፤ ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት የቤተ እስራኤል ሕይወት፣ ጸሎት፣ ዜማና እደ ጥበብ እዚህ ውስጥ ይገባል።

አንዱን ዋና፣ አንዱን ረዳት አድርጋችሁ ምረጡ። ለአካባቢያችን ልጅ የምመክረው ቋንቋን ዋና፣ የቤተ እስራኤልን ታሪክ ረዳት ማድረግ ነው። የቤተ እስራኤል ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉት በግእዝ ነው። ኦሪታቸው፣ ትእዛዘ ሰንበት፣ ሞተ ሙሴ ሁሉ በግእዝ ይነበባሉ። ይህን ታሪክ ከምንጩ ለማንበብ ግእዝ የግድ ነው።

ሦስተኛ ርምጃ፦ ፊደሉን በአራት ሳምንት ያዙ

አንደኛ ሳምንት፦ የ22ቱን ፊደላት ቅርጽ ከምታውቋቸው ስሞች ጋር አገናኙ። በቀን አራት አራት እየጻፋችሁ ሂዱ። ካፍ፣ ሜም፣ ኖን፣ ፌ እና ጻዴ በቃል መጨረሻ ላይ ቅርጻቸው እንደሚለወጥ አትርሱ።

ሁለተኛ ሳምንት፦ አናባቢውን ተማሩ። የግእዝ ፊደል ሰባቱን ድምፅ በራሱ አካል ላይ ይይዛል። ዕብራይስጥ ግን ተነባቢውን ብቻ ጽፎ አናባቢውን ለአንባቢው ይተወዋል፤ ለጀማሪና ለቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ ከላይና ከታች ነጥብና ጭረት ይጨምራል። አንድ ሰው ግእዝን በሙሉ በግዕዙ ፊደል ብቻ፣ ያለ ካዕብና ሣልስ ጽፎ ቢሰጣችሁ እንዴት ታነቡት ነበር? ቃሉን የሚያውቅ ያነበዋል። ዕብራይስጥም እንደዚሁ ነው።

ሦስተኛ ሳምንት፦ ከቀኝ ወደ ግራ በየቀኑ አሥር መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ትርጉሙ ባይገባችሁም አይኑ ይልመድ፤ ንባብ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል።

አራተኛ ሳምንት፦ የእጅ ጽሕፈቱን ጨምሩ፤ ከመጽሐፉ ፊደል የተለየ ነውና።

አራተኛ ርምጃ፦ ሞክሼ ፊደላትን አትናቁ

ብዙዎቻችን ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ዛሬ በድምፅ ስለማይለዩ ያሻንን እንጽፋለን። ዕብራይስጥ የሚማር ሰው ግን ይህን ልማድ መተው አለበት። የግእዙ ፊደል ወደ ዕብራይስጡ የሚያደርስ ምልክት ነው።

ንጉሡ ሠ ያለበትን ቃል ውሰዱ፦ ዐሠርቱ፣ ሥዕርት፣ ሤመ። በዕብራይስጥ ዔሴር፣ ሴዓር፣ ሳም ሆነው ይገኛሉ፤ ሦስቱም «ሲን» በሚባለው ፊደል ይጻፋሉ። እሳቱ ሰ ያለበትን ደግሞ ውሰዱ፦ ሰላም፣ ስም፣ ሰማይ፣ ሰብዐቱ። በዕብራይስጥ ሻሎም፣ ሼም፣ ሻማዪም፣ ሼቫዕ ይሆናሉ፤ የሚጻፉትም በ«ሺን» ነው። ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ ደግሞ በዕብራይስጥ አንድ ጻዴ ላይ ይገናኛሉ፦ ጽድቅ ጼዴቅ፣ ዕፅ ዔጽ ይሆናል። ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀም እንዲሁ ሔት ላይ ይገናኛሉ። አባቶች «ፊደሉን ጠብቅ» ሲሉ ለከንቱ አልነበረም።

ይህ ጥንቃቄ ከስሕተትም ያድናል። ጋይንት ቤተልሔም አላችሁ። በግእዝ ላህም ላም ስለሆነ «ቤተልሔም ማለት የላም ቤት ነው» የሚል ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ፊደሉን ተመልከቱ፦ ላህም በሃሌታው ሀ ይጻፋል፤ ቤተልሔም ግን በሐመሩ ሐ። የዕብራይስጡ ሌሔም እንጀራ፣ ኅብስት ማለት ነው። ስለዚህ የድጓው አገር ስም «የእንጀራ ቤት» ነው። አንድ ፊደል ሁለቱን ለየ።

አምስተኛ ርምጃ፦ በስምንቱ አርእስተ ግሥ ተሻገሩ

ግሥ ቤት የገባ ሰው ስምንቱን አርእስት ያውቃል፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። አሁን ዕብራይስጡን አጠገባቸው አስቀምጡ። ቀተለ ቃጣል ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥ ሰዋስው መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የግሥ ምሳሌ አድርገው የሚወስዱት ይህንኑ ቃል ነው። ቀደሰ ቂዴሽ ነው፤ በግእዝ «ደ» እንደሚጠብቅ በዕብራይስጡም የመካከሉ ፊደል ይጠብቃል። ባረከ ቤራኽ፣ ሤመ ሳም፣ ቆመ ቃም ነው። አእመረ በግእዝ «ዐወቀ» ሲሆን አማር በዕብራይስጥ «አለ» ማለት ነው፤ ሥሩ አንድ ሆኖ ፍቺው ተለያይቷል። ከስምንቱ ስድስቱ በዕብራይስጥ ዘመድ አላቸው።

ስለዚህ የዕብራይስጥን ሰባት የግሥ አዕማድ ስትማሩ ከባዶ አትነሡም። አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ የሚለውን የቅኔ ቤት አከፋፈል ያወቀ ሰው ፓዓል፣ ኒፍዓል፣ ሂፍዒል ሲባል ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አንድ ደብተር በሦስት ዓምድ ክፈሉ፦ ግእዝ፣ ዕብራይስጥ፣ አማርኛ። በቀን አምስት ቃል ብትጽፉ በዓመት ከ1,800 ቃል በላይ ይኖራችኋል።

በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱ አሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ብዙ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም ኖረው መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አስፋፉት። ደስታ ተክለ ወልድም ጨርሰው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። መዝገበ ቃላቱ የተደረደረው በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን እንደ ዕብራይስጡ በአ በ ገ ደ ተራ ነው። በዚያችው ኢየሩሳሌም የዛሬውን ዕብራይስጥ እንደገና መነጋገሪያ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት ኖሯል። የኪዳነ ወልድን መዝገበ ቃላት ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ በፊት ያዙት።

ስድስተኛ ርምጃ፦ የታሪኩን አጽም በቃላችሁ ያዙ

ዝርዝሩ በኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ ምሰሶዎቹን ትከሉ። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ በ586 ቅድመ ልደት ገደማ በባቢሎናውያን ፈረሰ። ሁለተኛው በ70 ድኅረ ልደት በሮማውያን ተቃጠለ። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ በ200 ገደማ ተጠናቀረ፤ ታልሙድ ከእርሱ ቀጥሎ መጣ። በ1492 አይሁድ ከስፔን ተባረሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ፈጁ። በ1948 የእስራኤል መንግሥት ተመሠረተ።

ከዚያ የአገራችሁን ክፍል ጨምሩ። ዐፄ ይስሐቅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቤተ እስራኤልን ወግተው ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አደረጉ። «ፈላሻ» የሚለው ስም «ፈለሰ» ከሚለው ግሥ ጋር የሚያያዘው በዚህ ርስት አልባነት ነው። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው፣ ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ተራሮች ወጓቸው። በጎንደር ዘመን በግንበኝነት፣ በአናጢነትና በብረት ሥራ ከተማዋን አገለገሉ። በ1862 አባ ማሐሪ ሕዝባቸውን ይዘው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግር ተነሡ፤ ጉዞው በረኃብና በበሽታ ተሰናከለ። በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ፣ በ1904 ደግሞ ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉ አይሁዳውያን ምሁራን ከአውሮፓ ቤተ እስራኤልን ለማየት መጡ። ፋይትሎቪች ወደ አውሮፓ ወስደው ካስተማሯቸው አንዱ ታምራት አማኑኤል በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መርተዋል። በ1975 እስራኤል አይሁድ ወደ አገሯ እንዲገቡ የሚፈቅደው የመመለስ ሕጓ ለቤተ እስራኤልም እንደሚሠራ ዕውቅና ሰጠች። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። በ2008 የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ሰግድ በእስራኤል የመንግሥት በዓል ሆኖ ታወጀ።

ሁለት መጻሕፍትን ለይታችሁ አጥኑ፦ ሄኖክና ኩፋሌ። ሁለቱም በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን በአይሁድ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ሙሉ ሆነው የተገኙት ግን በግእዝ ብቻ ነው። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቁራጭ በአረማይክ፣ የኩፋሌ ቁራጭ በዕብራይስጥ ተገኝቷል። ቁራጩን ከሙሉው ጋር የሚያስተያይ ሊቅ ሁሉ ወደ ግእዙ መመለሱ አይቀርም። ግእዝ የሚያውቅ ልጅ ወደ አይሁድ ጥናት ሲገባ ይህን ስጦታ ይዞ ይገባል።

ሰባተኛ ርምጃ፦ ዩኒቨርሲቲውን በዕቅድ ግቡ

በቅርብ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳርና ጎንደር አሏችሁ። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሳይንስ አልፋችሁ ስትገቡ ታሪክን፣ ሥነ ልሳንን ወይም ቋንቋና ሥነ ጽሑፍን ምረጡ። እንግሊዝኛችሁን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አጠንክሩ፤ በዚህ መስክ የተጻፈው ጥናት አብዛኛው በእርሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከመስኩ ጋር አያይዙ፤ ለምሳሌ በአጥቢያችሁ ባለ አንድ የኩፋሌ ወይም የኦሪት ብራና ላይ።

ለሁለተኛ ዲግሪ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ትምህርት ጥንታዊ ጽሑፍን በሥርዓት መመርመር ያስተምራል። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትም እዚያው ስድስት ኪሎ ግቢ ነው። የሥነ መለኮት ኮሌጆች ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥ ያስተምራሉ።

ከመጻሕፍት የኤድዋርድ ኡለንዶርፍን «ኢትዮጵያና መጽሐፍ ቅዱስ» (1968)፣ የቮልፍ ሌስላውን የግእዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት (1987)፣ በ1992 የወጡትን የስቲቨን ካፕላንንና የጄምስ ኪሪንን የቤተ እስራኤል ታሪኮች ፈልጉ። ካፕላንና ኪሪን በብዙ ነገር አይስማሙም፤ ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ በራሱ ትምህርት ነው። በይነ መረብ በአካባቢያችን አንዳንዴ ስለሚጠፋ፣ ሲኖር የምትፈልጉትን አውርዳችሁ በስልካችሁ አስቀምጡ።

ስምንተኛ ርምጃ፦ አጠያየቃችሁን አጥሩ

ስለ ቤተ እስራኤል በአገራችን የቀረ ክፉ ንግግር አለ። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን ያሸማቀቅን እኛ ነን። ማረሻችንን የሳሉ፣ ምጣዳችንን የሠሩ የእነርሱ እጆች ነበሩ። ስለዚህ ስትጽፉም ስትናገሩም ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም «ቤተ እስራኤል» በሉ። «ፈላሻ»ና «ካይላ» በጥንት ጽሑፍ ስታገኟቸው ለማስረጃ ጥቀሱ እንጂ መጠሪያ አታድርጓቸው።

ሽማግሌ ለመጠየቅ ስትሄዱ በአካባቢው ወግ ሂዱ። «እንደምን ዋሉ አባባ?»፣ «እማማ፣ ቢያጫውቱኝ?» ብላችሁ ተቀመጡ። ድምፅ ለመቅዳት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ማን፣ የት፣ መቼ እንደ ነገራችሁ ጻፉ። የሰውን የዘር ሐረግ ያለ ፈቃዱ በወረቀት አታውጡ፤ ብዙ ቤተሰብ በምሥጢር የያዘው ጉዳይ ነው። ብራና ስታዩም በሌላ ቦታ ይሸጣል ብለው ከሚመጡ ሰዎች ጋር አትተባበሩ፤ ፎቶ በፈቃድ አንሡና መጽሐፉን በቦታው ተዉት።

እምነትንና ማስረጃን በየቦታቸው አስቀምጡ። ክብረ ነገሥትን በቤታችሁ የምታከብሩት ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ በክፍል ውስጥ ግን መጽሐፉ መቼ ተጻፈ፣ ለማን፣ ለምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ይህ ክህደት አይደለም። አንድምታ የተማረ ሰው አንዱን ቃል በብዙ ወገን መመርመር ለአባቶቹም ወግ እንደ ነበር ያውቃል።

ዘጠነኛ ርምጃ፦ ወደ ውጭ ስታመለክቱ

በ1925 የተከፈተው የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ የቴል አቪቭና የሃይፋ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በጀርመን ደግሞ የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥናት የታወቁ ናቸው። የሃምቡርጉ የኢትዮጵያና ኤርትራ ጥናት ማዕከል የተሰየመው በሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግእዝና አማርኛ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ።

ዝግጅቱን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሩ። ፓስፖርት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የውጤት መግለጫ፣ የሁለት መምህራን ድጋፍ ደብዳቤ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና የምርምር ዕቅድ ያስፈልጋል። በዕቅዳችሁ «ታሪክ እወዳለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ይህን ብራና፣ በዚህ ጥያቄ፣ በዚህ መንገድ እመረምራለሁ» በሉ። ስለ ነጻ ትምህርት ዕድል ዩኒቨርሲቲውን በቀጥታ ጠይቁ። ዘመናዊውን ዕብራይስጥ «ኡልፓን» በሚባለው የተጠናከረ የቋንቋ ትምህርት ታሟሉታላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አደራ እላለሁ። የተማሪ ቪዛና በመመለስ ሕግ መግባት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ዕብራይስጥ መማር ለማንም የዜግነት መብት አይሰጥም። «ገንዘብ ክፈል፣ ዘርህን ቤተ እስራኤል እናሰኝልሃለን» የሚል ደላላ ከመጣ ሽሹ። እርሱ ገንዘባችሁን ብቻ ሳይሆን ለዘመናት በስማቸው ምክንያት የተገፉ ሰዎችን እውነት ይሰርቃል።

የዛሬው ሥራ

ዛሬውኑ የምትጀምሩት አንድ ነገር ልስጣችሁ። ዳዊታችሁን አውጡ፤ መዝሙር 118ን ግለጡ። 22ቱን ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ በተራ ጻፏቸው፤ በየስሙ አጠገብም የዕብራይስጡን ቅርጽ ሣሉ። ወረቀቱን ከራስጌያችሁ ለጥፉ። አያቶቻችን ስሞቹን ጠብቀው አቆይተውልናል፤ ቅርጻቸውንና ትርጉማቸውን መማር የእናንተ ድርሻ ነው።